ረጅሙ ካራ ጫፉ ላይ ለምን ይሰፋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር አሳ ቤት አለኝ። ወንድሜ ከውጭ የቢላ መሳያ ላከልኝ። ቢላውን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ድንጋዩ ዘንግ ላይ ይሄዳል፣ ዲግሪውን አስተካክሎ መሳል ነው። ትንንሾቹን ምላጭ አደረጋቸው። የአምባዛው ካራ ግን አስቸገረኝ። መሃሉ ደህና ነው፤ ወደ ጫፉ የተሳለው ቦታ እየሰፋ ሄዶ ያስጠላል። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እታለም፣ ዕቃሽ ደህና ነው። ካራውን መሃሉ ላይ ቆንጥጠሽው ነው።

ብዙ ሰው ድንጋዩ ከመሃል በራቀ ቁጥር ዲግሪው ይቀየራል ይላል። ስለቱ ቀጥ ያለ ከሆነ አይቀየርም። የሚቀየረው ስለቱ ወደ ጫፉ መጉበጥ ሲጀምር ነው። መቆንጠጫው ከዚያ ሩቅ ከሆነ ድንጋዩ እየተኛ ይሄዳል፤ መሃሉ ላይ 20 ያደረግሽው ጫፉ ጋ ያንሳል። ድንጋይ ሲተኛ ደግሞ ሰፊ ቦታ ይበላል።

ስለዚህ ረጅም ካራ ሁለቴ ይያዛል። መጀመሪያ እጀታው በኩል ያለውን ቀጥ ያለውን ስለት ሳዪ። ከዚያ ፈትተሽ ወደ ጉብጠቱ አስጠግተሽ ያዢው። ስለቱ ከመቆንጠጫው የሚወጣው ግን በሁለቱም ጊዜ እኩል ይሁን፣ በማስመሪያ ለኪው። የኔ ካራ ከባሊስትራ የተቀጠቀጠ ነው፣ ጀርባው ወፍራም ስለሆነ ይንሸራተትብኝ ነበር። የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ ሥሩ አደረግሁለት፣ ቀጥ አለ። ባሕር ዳር ሆኖ ከመነዳሪ ያጣ የለም መቼም።

ልክ መሆንሽን ለማወቅ ስለቱን በማርከር አጥቁሪና ድንጋዩን ሁለት ሦስቴ አስኪጂው። ቀለሙ ወደ ጀርባው በኩል ብቻ ከለቀቀ ድንጋዩ ተኝቷል። ጠርዙ ላይ ብቻ ከለቀቀ በጣም ቆሟል። ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ ቀጥዪ። ከወዲያኛው ጎን ሸካራ ነገር ጣትሽን ያዝ ሲያደርገው ገልብጪው። ጣትሽን ታዲያ ከጀርባው ወደ ስለቱ ነው የምታሳልፊው፣ በስለቱ ርዝመት እንዳትሞክሪው!

ዲግሪውን በሥራው ምረጪ። የአምባዛ ራስ አጥንት ነው፤ ለሱ ከ20 እስከ 25። የቆሮሶ ሥጋ የምትገፊበት ቀጭኑ ቢላ 15 ይበቃዋል። እሱ ደግሞ ይለመጣልና ድንጋዩን አትጫኚው።

በየቀኑ ግን ድንጋይ ላይ አታውጪው፣ ድንጋይ ብረት ይጨርሳል። ሥራ መሃል ከዶለዶመ ልኳንዳ ቤቶች የሚያፋጩበት ክብ ብረት አለ አይደል? በሱ ጥቂት ካፋጨሽው እስከ ማታ ያደርስሻል።