ጣጣው 1ኛው እግር ላይ ነው

ከአምስት ኪሎ የጻፈልን ተማሪ ለሙዚቃ ኪቦርዱ ድምፅ ማጥፊያ እየሠራ ነው። «ጋሼ፣ ከአርዱኢኖ ቦርድ የሚወጣውን 0 እና 5 ቮልት በኤልኤም311 ኮምፓሬተር (ሁለት ቮልቴጅ የሚያወዳድር አይሲ) ወደ ማይነስ 12 እና 0 ልቀይረው ነበር፤ የጄፌቱን (ድምፁን የሚያጠፋው ትራንዚስተር) ጌት እንዲያዝልኝ። ቴስተሩ ግን ሁሌ 0 ነው የሚያሳየኝ። አይሲው ተቃጥሎ ይሆን?» ይላል።

አይሲውን እንዳትጥለው፣ ወንድሜ፤ ደህና ነው። የላክኸውን ሥዕል አየሁት፤ 1ኛውን እግር ግራውንድ ላይ አስረኸዋል። ዳታሺቱ (የአይሲው መግለጫ) «ግራውንድ» ስለሚለው ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። እግሩ ግን የመውጫው ትራንዚስተር ኤሚተር ነው፤ ኮሌክተሩ 7ኛው ነው። ትራንዚስተሩ ሲበራ 7ኛውን ወደ 1ኛው ይጎትታል፤ ከዚያ በታች መውረድ አይችልም። አንተ ደግሞ 7ኛውን በ4.7 ኪሎ ኦም ወደ 0 ሰቅለኸዋል። ከላይም ዜሮ፣ ከታችም ዜሮ። ማይነሱን ከየት ያምጣ?

1ኛውን ከግራውንድ ንቀልና ከ4ኛው ጋር ማይነስ 12 ላይ እሰረው። 4.7 ኪሎው እንዳለ ይቆይ። 8ኛውን ፕላስ 12 ስጠው፤ በ5 ቮልት ልገላገል እንዳትል። ይሄ ኮምፓሬተር መግቢያው ከላይኛው ሰፕላይ 2 ቮልት ያህል ዝቅ እንዲል ይፈልጋል፤ ያንተ ሲግናል ደግሞ እስከ 5 ይወጣል። ሲግናሉን 2ኛው እግር ላይ፣ 2.5 ቮልት ደግሞ 3ኛው ላይ አስገባ። 2.5ቱን ከአርዱኢኖው 5 ቮልት በሁለት 10 ኪሎ ኦም ታገኘዋለህ። በ4ኛውና በ8ኛው ሥር ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ አትርሳ፤ ያለሱ መውጫው መንቀጥቀጥ ይወዳል።

አሁን አርዱኢኖው 5 ሲሰጥ ጌቱ 0 ይሆናል፤ ጄፌቱ ድምፁን ወደ ግራውንድ ይወስደዋል። 0 ሲሰጥ ጌቱ ማይነስ 12 አካባቢ ይወርድና ድምፁ ያልፋል። ጄ112 የሚባለው ጄፌት ከማይነስ 1 እስከ ማይነስ 5 ቮልት ባለው ስለሚዘጋ ይበቃዋል። አርዱኢኖው ሲነሳ ፒኑ ለአፍታ ተንጠልጥሎ ይቆያልና ከ2ኛው እግር ወደ 5 ቮልት አንድ 10 ኪሎ ጨምር። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ስፒከሩ «ዱም» ከሚል ዝም ብሎ ቢጀምር ይሻላል።

ኤልኤም311 መርካቶ ካጣህ የሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ፍታ። ብዙዎቹ ውስጥ ኤልኤም393 ወይም ኤልኤም339 አለ። ኤልኤም393 ለብቻው የወጣ ኤሚተር የለውም፤ 4ኛው እግር ራሱ ነው፣ እሱን ማይነስ 12 ላይ ማሰር ነው። ፍጥነቱ ከ311 ያንሳል፤ ለድምፅ ማጥፊያ ግን ምንም አይልም። የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ካለህማ ሰማያዊው ሽቦ ማይነስ 12 ነው። አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር ስታገናኘው ይነሳል።

ጄፌቱን ከመበየድህ በፊት 7ኛውን ለካው። ሲግናሉ 0 ሲሆን ማይነስ 11 ተኩል ገደማ ወይም ከዚያ በታች ማንበብ አለብህ። ማይነስ 6 ወይም 7 ላይ ከቆመ ሰፕላዩ ራሱ ወድቋል፤ ኮምፓሬተሩን ትተህ 4ኛውን እግር ለካ።