ያዘዝኩት ኮሚክ እንዳሰብኩት አልሆነም፦ ከድሬና ከሐረር ለተነሡ ጥያቄዎች መልስ

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። የኮሚክ ገጽ በአንድ ጊዜ አይሠራም። መጀመሪያ ትንንሽ ረቂቅ፣ ቀጥሎ እርሳስ፣ ከዚያ ኢንክ (እርሳሱን በጥቁር መሥመር ማጽናት)፣ ከዚያ ቀለም፣ በመጨረሻ ጽሑፍ ይገባል። ስሕተቱ በየትኛው ደረጃ እንደተፈጠረ ካልተለየ ማስተካከያ መጠየቅ ያስቸግራል። «አላማረኝም» ብቻ ብላችሁ ገጹን የላካችሁ አላችሁ፤ ለሱ መልስ የለኝም። ምኑ እንዳላማራችሁ ጽፋችሁ ላኩ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ አቦ፣ ስምንት ገጽ ኮሚክ አሠርቼ ትናንት ማታ ደረሰኝ። የልጁ ናሙናዎች ልብ ይሰርቃሉ፣ የኔ ግን ድንዝዝ ብሎብኛል። ምን ብዬ ልጻፍለት?

መልስ፦ ዛሬ ማታ ምንም አትጻፍለት። አንዱን ገጽ ፎቶኮፒ ቤት ወስደህ በኤ4 ጥቁርና ነጭ አሳትምና ክንድህን ዘርግተህ እየው። ሰውየውና ከጀርባው ያለው ግንብ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ችግሩ የብርሃንና የጥላ ድልድል ነው፤ በስልክ ላይ ቀለሙ ስለሚሸፍነው አይታይም። «ደነዘዘ» የሚባል ገጽ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ይሄ ነው፣ የሚስተካከለውም ቀለም ላይ ስለሆነ መሥመር መንካት አያስፈልግም።

ቀጥሎ የንግግር አረፋዎቹን በወረቀት ሸፍነህ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳየው። ማን እንደተቆጣ፣ ማን ወዴት እንደሄደ ከነገረህ ሰዓሊው ዋናውን ሥራ ሠርቷል። ካልነገረህ ጥፋቱ ረቂቁ ላይ ነው ያለው፤ ረቂቁን ደግሞ «ይሁን» ብለህ ያሳለፍከው አንተ ከሆንክ የማስተካከያውን ዋጋ መጋራት አለብህ።

ናሙናውንም በሚዛን እይ። ናሙና ተብሎ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ሽፋን ነው፤ አንድ ሥዕል፣ ብዙ ቀን የተሠራበት። አንተ የገዛኸው አምስት ስድስት ፓነል (የሥዕል ሳጥን) ያለው ገጽ ነው። ከሱ የውስጥ ገጽ ጋር እንጂ ከሽፋኑ ጋር አታወዳድረው።

ስትጽፍለት እንዲህ ይሁን፦ «ገጽ 3፣ ሁለተኛው ፓነል፦ ልጅቷና ግንቡ እኩል ስለጠቆሩ ተዋሕደዋል። ግንቡን ሳሳ ማድረግ ይቻላል?» ገጽ፣ ፓነል፣ የሚታየው ችግር፣ የምትፈልገው ውጤት። እንዴት እንደሚሠራው ለሱ ተውለት። ሁሉንም በአንድ መልእክት ላክ፤ በቀን አንድ አንድ የሚንጠባጠብ ቅሬታ የትኛውንም ሰዓሊ ያሰለቻል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ መጋላ)፦ ሰዓሊው ግማሹን ከፍዬው ሁለት ወር ጠፋብኝ። ሲመቸው ብቻ «እየሠራሁ ነው» ይለኛል። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ደረሰኙ ላይ ወይም ባንክ ስታስገባ በምክንያትነት የሞላኸው ምንድን ነው? «ቀብድ» ካልክ ቃሉ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ክብደት አለው። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። «ቅድሚያ ክፍያ» ካልክ ግን የዋጋው ክፍል ነውና ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሰው ሁለቱን ቃላት እያቀያየረ ይጽፋል፣ ኋላ ይጸጸታል።

ሕጉ ውሉ አልተፈጸመልኝም ከማለትህ በፊት ማስጠንቀቂያ እንድትሰጥ ይፈልጋል (ቁጥር 1772)። በጽሑፍ ይሁን፦ የቀሩት ገጾች ስንት እንደሆኑ፣ የሚያስረክብበትን ቀን፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሥራውን እንደማትቀበል። ቀኑ ሊደረስበት የሚችል ይሁን፤ ለአሥር ገጽ ኢንክ ሦስት ቀን መስጠት ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ጠብ ነው። የቴሌግራም መልእክት ከሁለቱም ወገን ሊሰረዝ ስለሚችል ስክሪንሹት ያዝ።

ለሚቀጥለው፦ ግማሽ በግማሽ አትክፈል። 30 በመቶ ስትዋዋሉ፣ 40 በመቶ የሁሉም ገጾች እርሳስ ሲጸድቅ፣ 30 በመቶ የመጨረሻው ፋይል ሲደርስህ። መሐል ላይ ብትለያዩ እንኳ በእጅህ እርሳሱ አለ፣ ሌላ ሰው ሊጨርሰው ይችላል።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ታሪኬ ጀጎል ውስጥ ነው። ሰዓሊው ሐረርን ረግጦ አያውቅም፤ ቤቱም ጅቡም የኛ አይመስልም። ለማስተካከያው ማን ነው የሚከፍል?

መልስ፦ ፎቶ ልከህለት ችላ ካለ እሱ። «ሐረር ነው፣ ታውቃለህ አይደል» ብለህ ከተውከው አንተ። ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ፣ ግን ሚዛኑ ይሄ ነው።

ጅቡን በተመለከተ፣ ገጽ የላከችልን ሌላ ጠያቂም እንዲሁ ያለ ችግር ስላለባት ለሁለታችሁ አንድ ላይ ልመልስ። የሐረር ጅብ ነጠብጣቡ ጅብ ነው፦ ጆሮው ክብ፣ ገላው ላይ ነጠብጣብ፣ ከትከሻው ወደ ኋላው የሚወርድ ጀርባ። የማያውቅ ሰዓሊ ባለ መሥመሩን ጅብ ይሥላል፦ ሹል ጆሮ፣ ጀርባ ላይ የቆመ ጋማ፣ ገላው ላይ መሥመር። ከላካችኋቸው ሁለት ገጾች አንዱ ላይ ያየሁት ሹል ጆሮ ነው። ጆሮና ጋማው ኢንክ ላይ ይስተካከላል፤ የጀርባው ቁልቁለት ከሌለ ግን ቁመናው ከእርሳስ መጀመር አለበት፣ ስለዚህ ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ።

የጀጎል ግንብ ቁመቱ አራት ሜትር ገደማ ነው። የአውሮፓ ቤተ መንግሥት አስመስሎ ጥርሳም አናት ከሠራለት፣ ቁመቱን ሦስት እጥፍ ካደረገው በሰው ቁመት ይለካ፦ ሁለት ሰው ከምናምን። ከሥሩ ጅቦች የሚገቡባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች አሉ፤ ታሪኩ የጅብ ከሆነ እነሱን መርሳት ያሳዝናል። የሐረሪ ቤት ውስጡ ወንበርና ጠረጴዛ ሳይሆን ከፍታቸው የሚለያይ መደቦች (ነደባ)፣ ቀይ ወለል፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት ነው። ማን የትኛው መደብ ላይ እንደሚቀመጥ ትርጉም ስላለው የመደቦቹን ንድፍ በእጅህ ሥለህ ላክለት፣ ቢንጋደድም ግድ የለም። መንገዱ ላይ ፔዦ 404 ካስገባ ዘመኑን ተመልከቱ፤ መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለ ድሬ ባቡር ታሪክ ያሠራው ጠያቂም ከዚሁ ይውሰድ። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከተማውም የተቆረቆረው በሱ ነው። የዚያን ዘመን ታሪክ ላይ ከሐዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከተሣለ ሰዓሊው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን መስመር ፎቶ አይቶ ነው የሠራው። ሐዲዱም ይለያል፦ የድሮው ስፋት አንድ ሜትር፣ የአዲሱ 1,435 ሚሊሜትር።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ኮሚኩ ስልኬ ላይ እሳት ነበር። ማተሚያ ቤት ሄዶ ሲመለስ መሥመሩ ጥርሳም፣ ሰማያዊው አመድ መስሏል። ሰዓሊው «ማተሚያ ቤቱ ነው»፣ ማተሚያ ቤቱ «ፋይሉ ነው» ይላሉ።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ አታቀላቅላቸው።

ጥርሳሙ የፒክስል (ሥዕሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) እጥረት ነው። ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በቀኝ ተጫንና ልኬቱን እይ። ለኤ4 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚያርፍ የነጥብ ብዛት) 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል፤ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር የመከርከሚያ ትርፍ ሲጨመር 2551 በ3579 ይሆናል። ጥቁርና ነጭ መሥመር ብቻ ከሆነ 600 ዲፒአይ ይሻላል። ረጅሙ ጎን 1280 አካባቢ ከሆነ ወንጀለኛው ተገኘ፦ ገጹ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኳል፣ ቴሌግራምም አሳንሶታል። ኤ4 ላይ ሲዘረጋ 110 ዲፒአይ ገደማ ነው፣ መሰላል መምሰሉ አይቀርም። ሰዓሊው ዋናው ፋይል ካለው «እንደ ፋይል» ይላክልህ፣ ነገሩ በነጻ ያልቃል። ከመጀመሪያው በትንሹ ከሠራው ግን ማሳደግ አያድነውም፤ ፕሮግራሙ የሌለውን ፒክስል በግምት ነው የሚሞላው። እንዲህ ያለ ሥራ እንደገና መሠራት አለበት፣ ልኬቱ ውሉ ላይ ከተጻፈ በሰዓሊው ወጪ።

የቀለሙ ግን የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል። ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በአራት ቀለም ነው የሚሠራው። አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ላይ የሚያበራ ሰማያዊና አረንጓዴ በሲኤምዋይኬ (የማተሚያ አራት ቀለም) አይገኝም። መፍትሔው ከሙሉው እትም በፊት አንድ ገጽ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ወረቀት ማሳተም ነው። ጥቁር ጽሑፉም በጥቁር ብቻ መሆኑን ጠይቅ፤ ከአራቱ ቀለም ከተደባለቀ የማተሚያው ሳህኖች ትንሽ ሲዛነፉ የፊደሉ ጠርዝ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል።

ጥያቄ፦ ሥዕሉ ቆንጆ ነው፣ አማርኛው ግን አረፋው ውስጥ ታፍኗል። አንዳንድ ቦታማ የማይነበብ ምልክት ሆኗል።

መልስ፦ የማይነበበው ምልክት ዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን የሚጋራው የፊደል ኮድ) ያልሆነ የድሮ ፎንት ውጤት ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ይበተናል። ጽሑፉ በዩኒኮድ ፎንት እንደገና ይተየብ፣ ለማተሚያ ሲላክም ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይቀየር።

የታፈነው ደግሞ በአብዛኛው የውጭ ኮሚክ ልማድ ነው። ረጅምና ቀጭን አረፋ ለአማርኛ አይሆንም፤ «እንደማይመለከታቸው» ያለ አንድ ቃል ብቻውን መሥመር ይይዛል፣ መሐሉ ሲሰበርም ያስጠላል። አረፋው ወደ ጎን ይስፋ። ገጹ በኤ4 ተሠርቶ በኤ5 የሚታተም ከሆነ ሁሉ ነገር በ0.7 ይባዛል፦ 10 ነጥብ የነበረው 7 ይሆናል፣ ቹ እና ቺ አይለዩም። በኤ4 ተሠርቶ በኤ5 ለሚታተም ገጽ፣ ኤ4ው ላይ ከ12 በታች አትውረዱ። ጽሑፉ በራሱ ሌየር (ፋይሉ ውስጥ ለብቻው የሚነካ ንብርብር) ላይ መሆኑን ሁልጊዜ ጠይቁ፤ ከሥዕሉ ጋር ከተጣበቀ አንድ የፊደል ግድፈት ለማረም ከጀርባው ያለው ሥዕል መሞላት አለበት።

ጥያቄ፦ ሰዓሊው በኤአይ የሠራው ይመስለኛል። እንዴት ልጠይቀው ሳላስቀይመው?

መልስ፦ አትክሰሰው፣ ባለ ሌየሩን ፋይልና እርሳሱን ጠይቀው። እሱን መስጠት ለሠራ ሰው የደቂቃ ጉዳይ ነው። ገጾቹ ላይ ደግሞ የሱቅ ሰሌዳዎችን አጉልተህ እይ፤ ግዕዝ የሚመስል ግን የትኛውም ፊደል ያልሆነ ነገር ካገኘህ፣ የአንዱ ሰው ሸሚዝ ቁልፍም ከፓነል ፓነል ቁጥሩ ከተለዋወጠ ጥርጣሬህ ከንቱ አይደለም። ወደፊት ኤአይ መጠቀም ይፈቀድ አይፈቀድ ውሉ ላይ በአንድ መሥመር ጻፉት።

ጥያቄ፦ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ሌላ ሰዓሊ ፊቶቹን እንዲያስተካክል ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአዛዡ ነው። የሞራል መብቱ ግን ሰዓሊው ጋር ይቀራል፦ ስሙ እንዲጠቀስ፣ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይለወጥ። ስለዚህ አስቀድመህ ንገረው፣ ስሙ ይነሣ ወይስ ይቆይ ብለህ ጠይቀው፣ መልሱን በጽሑፍ ያዝ። ብዙዎቹ «እኔው ላስተካክለው» ይላሉ።

ጥያቄ፦ ያላስረከበኝን ሰዓሊ ስሙን ጠርቼ ሰው እንዲጠነቀቅ ልለጥፍ?

መልስ፦ በጽሑፍ በሰጠኸው ማስጠንቀቂያ ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ አይሆንም። ካለፈም የሆነውን በቀንና በቁጥር እንጂ «ሌባ» ብለህ አትጻፍ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ አንዲት እናት)፦ ልጄን እንደ ኮሚክ ጀግና አድርጎ ሥሎልኝ ነበር፣ በወረቀት ላይ። መልኳ እሷን አይመስልም፣ በዚያ ላይ በስድስት ወሩ ቀለሙ ለቀቀ።

መልስ፦ እማዬ፣ መልኩን ከአንድ ፎቶ ብቻ ከሠራው አይፍረዱበት። ከፊት፣ ከጎን እና ስትሥቅ የተነሣችውን ሦስት ፎቶ ይስጡት፤ መልክ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዓይኖቿ መሐል ያለው ርቀትና የግንባሯ መሥመር ላይ ነው፣ እነሱን ያሳዩት። የቀለሙ ነገር ግን ማርከሩ ነው። የአልኮል ማርከር ቀለም ፀሐይ ይበላዋል። እንደገና ሲሠራ ፀሐይ ቶሎ በማይበላው ፒግመንት ኢንክና የውኃ ቀለም እንዲሆን ይጠይቁት፤ እስከዚያ ያለውን በደማቅ ቀን በጥላ ሥር ፎቶ ያንሡት፣ ከመስኮት ትይዩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሆነም ያውርዱት።