የሳታችሁትን ጻፉ

ይድረስ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋሮቢት ሥራ ለጀመራችሁና ለመጀመር ለምትሰናዱ ልጆቼ፤

በመሬት ቀያሽነት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ምክር ስትጠይቁኝ ስለ ቀያሽነት ብቻ የምጽፍ መስሏችሁ ይሆናል፤ ቀድሞ ትዝ ያለኝ ግን የከረንቡላ (የቢሊያርድ) ጠረጴዛ ነው።

በወጣትነታችን ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሥራ መልስ የምናመሽበት ከረንቡላ ቤት ነበር። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከተማውን ሲያለብሰው የጠረጴዛው ጨርቅ እርጥበት ይስብና፣ በጥር ሦስቱን ጠርዝ ትዞር የነበረችው ኳስ ሁለተኛው ላይ ደክማ ትቀራለች። እኛም የሳትነውን ሁሉ በጠረጴዛው እናሳብብ ነበር። በትልልቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ጠረጴዛው ከሥሩ በኤሌክትሪክ እንዲሞቅ የሚደረገው ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሦስት ጠርዝ የሚባለው የከረንቡላ ዓይነት ቀዳዳ በሌለው፣ 2.84 ሜትር በ1.42 ሜትር በሆነ ጠረጴዛ ላይ በሦስት ኳሶች ይካሄዳል። ተጫዋቹ ነጥብ የሚያገኘው ኳሱ ሁለቱን ሌሎች ኳሶች ሲነካ ነው፤ ሁለተኛውን ከመንካቱ በፊት ግን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከጎማ ጠርዝ ጋር መጋጨት አለበት። ነጥብ ያገኘ ይቀጥላል፤ የሳተ ለተጋጣሚው ይለቃል። እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ፦ ጨዋታውን ከሚዘጋው ነጥብ በቀር የማንኛውም ተጫዋች ተራ የሚያበቃው በመሳት ነው። የተጫዋች ደረጃ የሚታወቀውም ያገኘው ነጥብ ለተራዎቹ ብዛት ተካፍሎ በሚወጣው አማካይ ነው፤ 40 ነጥብ በ20 ተራ የጨረሰ ሰው አማካዩ 2 ይሆናል፤ ይህም በዓለም ደረጃ የሚያስከብር ነው። እያንዳንዱ የባከነ ተራ በውጤት ወረቀቱ ላይ ዜሮ ሆኖ ይጻፋል፤ ሻምፒዮንም ቢሆን አይፋቅለትም።

ቤልጅየማዊው ሬይሞንድ ኩለማንስ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1973 የሦስት ጠርዝ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ማንም ሳይነጥቀው ቆየ። በ1974 ጃፓናዊው ኖቡአኪ ኮባያሺ ወሰደበት፤ በዓመቱ አስመለሰው። ከዚያ በኋላም ያሸነፈባቸውና የተሸነፈባቸው ዓመታት እየተፈራረቁ ሄዱ፤ 21ኛውን የዓለም ዋንጫ ያነሣው በ2001፣ ዕድሜው ከ60 ካለፈ በኋላ፣ ከመጀመሪያው 38 ዓመት ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው 21ዱን ዋንጫ ይቆጥራል። እኔን የሚደንቀኝ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ሺህ ጊዜ ስቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተጋጣሚውን ተራ እንደጠበቀ ነው። ልጆቼ፣ ያ ወንበር በሁሉም ሙያ አለ። እዚያ ስትቀመጡ ምን እንደሳታችሁና ለምን እንደሳታችሁ በራሳችሁ እጅ ጻፉ፤ ጠረጴዛው እርጥብ ከነበረም እርጥብ ነበር ብላችሁ ጻፉ፣ ክንዳችሁ ከነበረ ግን ክንዴ ነው በሉ።

ይህን እኔ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። በጀማሪነቴ ወደ ጣርማበር በሚወጣው መንገድ ከፍታ ስንለካ፣ ወደ ተነሣንበት ነጥብ ስንመለስ ከፍታው ከመነሻው ጋር መግጠም ሲገባው ሂሳቡ 18 ሳንቲ ሜትር ጎደለ። ብርዱና ድካሙ አሸንፎኝ፣ በመስክ ደብተሬ ላይ አንዱን ቁጥር በላጲስ ፍቄ እንዲገጥም አደረግኩት። አለቃዬ ምንም ሳይናገር ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው፤ የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። እንደገና እንድለካ ላከኝ። ጉሙ ሲገለጥ እየለካሁ፣ ሲወርድ እየጠበቅሁ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስህተቱ የተገኘው እኔ በፋቅኩት ገጽ ላይ ሳይሆን ከዚያ ሦስት ገጽ ቀደም ብሎ፣ 1.53 ሜትር የነበረውን ንባብ 1.35 ብዬ በጻፍኩበት መስመር ላይ ነበር። አንዲት ሰረዝ አሳረፍኩበትና ትክክለኛውን ከበላዩ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ላጲስ ይዤ መስክ ወጥቼ አላውቅም።