ኳሷ «ቆመች» ይባላል?

ጥያቄ፦ እህቴን ፊዚክስ አስጠናታለሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የሚገባት በአማርኛ ስነግራት ነው። አክስለሬሽንን አንዱ «ፍጥንጥነት»፣ ሌላው «ሽምጠጣ» ይለዋል። የቱን ልያዝ? ደግሞ «ሽቅብ የተወረወረች ኳስ ጫፍ ላይ ስትቆም አክስለሬሽኗ ለምን ዜሮ አይሆንም?» ብላኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። ያሰናከላችሁ ፊዚክሱ ሳይሆን «ቆመ» የሚለው ግስ ይመስለኛል። በአማርኛ የቆመ ነገር ቆሞ ይቆያል። አውቶቡሱ ቆመ ከተባለ ተሳፋሪ ሊወርድ ነው፤ ሰዓቱ ቆመ ከተባለ ባትሪ ሊገዛለት ነው። ኳሷ ግን ጫፍ ላይ ቆይታ የላትም። የአየሩን ነገር እንተወውና በ19.6 ሜትር በሰከንድ ሽቅብ ይወርውሯት። ከ1 ሰከንድ በኋላ 9.8 ይቀራታል፤ ከ2 ሰከንድ በኋላ ዜሮ፤ ከ3 በኋላ 9.8፣ አሁን ቁልቁል። አክስለሬሽን ማለት ይህ በየሰከንዱ የሚመጣው የ9.8 የፍጥነት ለውጥ ነው፤ የመሬት ስበት ደግሞ ጫፍ ደረሰች ብሎ ፋታ አይሰጣትም። ስለዚህ «ቆመች» አይበሏት፤ «ፍጥነቷ በዜሮ በኩል አለፈ» ይበሉ።

ወደ ቃላቱ እንምጣ። ሽምጠጣ የፈረስ ኮቴ የሚያሰማ ቃል ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቷል። በዚያው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ከሄደ ግን አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው! እኔ ፍጥንጥነትን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ስሰማው ቅብጥብጥነትን አስታውሶኝ ስቄ ነበር፤ ኋላ ሳስበው የቃሉ ጉልበት ያ ድግምግሞሽ ነው። እንደ ብልጭልጭ ሁሉ ነገሩ አንዴ ሆኖ እንደማይቀር ይናገራል። እንከኑ ከ«ፈጠነ» መወለዱ ነው፤ ተማሪው መፍጠን ብቻ ይመስለዋል። ፍሬን የያዘ ሚኒባስም ፍጥንጥነት አለው። አደባባይ የሚዞር ባጃጅም እንዲሁ፤ ቆጣሪው 20 ላይ ቢረጋ እንኳ አቅጣጫው ይለወጣላ።

የትኛውንም ቃል ቢይዙ ግን «በየ»ን አይልቀቁ። ልጆች «ሜትር በሰከንድ ስኩዌር» የሚለውን ይሸመድዱታል እንጂ ትርጉሙ አይታያቸውም፤ ሰከንድ በሰከንድ ሲባዛ ማን አይቶ ያውቃል? «9.8 ሜትር በሰከንድ፣ በየሰከንዱ» ሲባል ግን «በ» ፍጥነቱን፣ «በየ» ለውጡን ይይዛል። በወር 8,000 ብር የሚያገኝ ሰው በየዓመቱ 500 ብር ቢጨመርለት፣ ጭማሪው «500 ብር በወር፣ በየዓመቱ» ነው። እህትዎ ደመወዝን ከጭማሪ አታምታታም።