የተኛን ሰው ፎቶ ስለ ማንሳት

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ደሴ ነው። ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ ፒያሳ አካባቢ በሱቆች በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው ያደሩ ሰዎችን በስልኬ አነሳለሁ። ፎቶዎቹን ቴሌግራም ላይ ለቅቄ ለብርድ ልብስ መግዣ ገንዘብ አሰባስቤያለሁ። በቅርቡ ግን ከተነሱት መካከል አንዲት እናት ወረኢሉ ያሉ ዘመዶቿ ፎቶዋን ማየታቸውን ሰምታ ክፉኛ ተቆጣችኝ፤ ለእነርሱ የነገረቻቸው ሰው ቤት ተቀጥራ እንደምትሠራ ነበር። እኔ ያነሳሁት ለበጎ ነው፤ መንገድ ላይ ያለን ሰው ለማንሳት ደግሞ ፈቃድ አያስፈልግም ሲባል እሰማለሁ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ታዋቂ ሰዎችን፣ ባለሥልጣናትን እንዲሁም በአደባባይ የተከናወኑ ጉዳዮችንና ሥነ ሥርዓቶችን ከዚህ ክልከላ ያወጣል፤ እርስዎ የሰሙት ወሬ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ለጥምቀት የወጣን ሕዝብ ማንሳትና ማደሪያ አጥቶ የተኛን ሰው ፊቱን አቅርቦ ማንሳት በእኔ ግምት አንድ አይደሉም፤ እንቅልፍ ሥነ ሥርዓት አይደለም።

ለበጎ ነው ማለትዎን አላቃልለውም። ወሎ የምስልን ጉልበት ያውቃል፦ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለውጭው ዓለም ባያሳይ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው የዜና ካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ካሜራውን ይዞ ኮረም ባይደርስ ኖሮ ርዳታው ይበልጥ በዘገየ ነበር። ነገር ግን በተለይ የ1966ቱ ረሃብ ተሸሽጎ የቆየ ስለነበር ምስሉ ያወጣው ያልታወቀ ነገር ነው። ፒያሳ በረንዳ ላይ ሰው እንደሚያድር የማያውቅ የደሴ ነዋሪ ግን የለም፤ የጦሳ ተራራን ቁርም ቢሆን ለጋሾችዎ ከእርስዎ ፎቶ አልተማሩትም። ታዲያ የዚያች እናት ፊት የጨመረው ምንድን ነው? እርሷን ግን በአገሯ ሰው ፊት የያዘችውን ስም አሳጥቷታል፤ ቁጣዋ አይፈረድበትም።

ስለ ፈቃድ ከተነሳ፣ የተኛ ሰው ፈቃድ ሊሰጥ እንደማይችል ግልጽ ነው። የነቃውም ቢሆን በአንድ እጅዎ ዳቦ በሌላው ስልክ ይዘው ሲጠይቁት እምቢ የሚልበት አቅም የለውም። ስለዚህ የሚሰጡትን አስቀድመው ይስጡ፣ ፎቶውን በሌላ ቀን ይጠይቁ፣ ሲጠይቁም «ይህ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ ዘመድዎም ሊያየው ይችላል» ብለው በግልጽ ይንገሩ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ የሳበች ሴት መልሷን ሰጥታለች። ለሕፃናት ፎቶ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ቢገኝ እንኳ እኔ አልመክርም፤ ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ምስል ይከተለዋል።

አሁን ማድረግ ያለብዎት የእናትየዋን ፎቶ ከቻናልዎ ማጥፋት፣ ያጋሩትንም ሰዎች አንድ በአንድ እንዲያጠፉ መጠየቅና ይህንኑ ለእርሷ ሄደው መንገር ነው፤ አንቀጽ 29ም እንዲነሳላት የመጠየቅ መብት ይሰጣታል። ለገንዘብ ሰጪዎቹ የብርድ ልብሱን ደረሰኝና የታጠፈውን ክምር አንስተው ይለጥፉላቸው።