ስለ አንድሪው ጆንሰን አመራር ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። «ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በነበረው መልሶ ግንባታ፣ ማለትም የተሸነፈውን ደቡብ መልሶ የማቋቋም ሥራ፣ የፕሬዚዳንት አንድሪው ጆንሰንን አመራር የሚገመግም የመመረቂያ ጽሑፍ ልጽፍ ነው፤ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔ ፍዳዬን ያየሁበት ርዕስ ነው። ጦርነቱ ለምን ተነሳ፣ ሊንከን ማን ነበር የሚለውን ታውቂዋለሽ ብዬ ዘልዬዋለሁ። አንቺም እንደኔ ቀን ሥራ ውለሽ ማታ የምትማሪ ይመስለኛልና በቀጥታ ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከክሱ አትጀምሪ። ይሄ ስህተት አንድ ሙሉ ሰሚስተር አስከፍሎኛል።

የመጀመሪያው ጽሑፌ 46 ገጽ ነበር። 30ው ስለ 1868ቱ ክስ ነው። ታሪኩ ይስባላ! ጆንሰን የጦር ሚኒስትሩን ስታንተንን አባረረ። የተወካዮች ምክር ቤት ከሥልጣን እንዲወርድ ከሰሰው። ለማውረድ የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ 35 ይውረድ፣ 19 አይውረድ ሆነና በአንድ ድምፅ ጉድለት ተረፈ። እኔም «ከተረፈ አመራሩ ያን ያህል አልከፋም ማለት ነው» ብዬ ደመደምኩ። ጽሑፉን አስጠርዤ፣ ከቱሉ ዲምቱ በሁለት ታክሲ ሄጄ ፈታኞቹ ፊት ቆምኩ። አንድ ሸምገል ያሉ መምህር የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መሬቱ ለማን ሆነ?»

ምላሴ ተሳሰረ። በ46 ገጽ ውስጥ ስለ መሬት አንድ መስመር አልነበረም። ወደቅኩ። ለድጋሚ ምዝገባ የከፈልኩት ብር እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. መሬቱን ተከተዪ። በጃንዋሪ 1865 የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን በሳውዝ ካሮላይና፣ በጆርጂያና በፍሎሪዳ ጠረፍ ያለው መሬት ከባርነት ለወጡ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር እንዲከፋፈል አዘዘ። በኛ ልኬት 16 ሄክታር ገደማ ነው። ወደ 40,000 ሰዎች ሰፈሩበት። የይዞታ ወረቀትም የተሰጣቸው ነበሩ። በኤፕሪል ፕሬዚዳንቱ ሊንከን ተገደለና ምክትሉ ጆንሰን ተተካ። ኮንግረሱ እስከ ዲሴምበር አልተሰበሰበም። እነዚያን ስምንት ወራት ቁጠሪያቸው፤ የሚያግደው ሳይኖር ብቻውን የወሰነባቸው ናቸው። ሜይ 29 የምሕረት አዋጅ አወጣ። ከ20,000 ዶላር በላይ ንብረት ያላቸው የደቡብ አማፂያን በግል እሱን እንዲለምኑ አደረገ፤ ከዚያ በሺዎች ለሚቆጠሩት ምሕረቱን ሰጠ። ከምሕረቱ ጋር እርሻቸውም ተመለሰላቸው፤ ሸርማን ያከፋፈለው ጭምር። በኦክቶበር ከባርነት ነፃ የወጡትን የሚረዳው ቢሮ ኃላፊ ጄኔራል ሃዋርድ በሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ ወዳለችው ኤዲስቶ ደሴት ተላከ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለተሰበሰቡት ገበሬዎች «መሬቱ ለድሮ ጌቶቻችሁ ይመለሳል» ብሎ የነገራቸው እሱ ነው።

ይሄን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ገበሬ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ እርሻችን ሲነካ የግብር ደረሰኞቹን ሁሉ በፌስታል ጠቅልሎ ከአንድ ቢሮ አንድ ቢሮ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በር ላይ ቆምን። መጨረሻ ላይ የገባንበት ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ይሄ ወረቀት አያገለግልም» አለው። አባቴ ፌስታሉን አጣጥፎ ወጣ። እቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። የኤዲስቶ ሰዎች በእጃቸው የነበረው ወረቀት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም።

3ኛው ምክሬ ለሰውዬው ፍትሐዊ ሁኚ የሚል ነው፤ ፈታኞች ይጠይቁሻል። ጆንሰን በድህነት ያደገ ልብስ ሰፊ ነው፣ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ከተገነጠሉት ክፍለ ግዛቶች ሴናተሮች ሥልጣኑን ሳይለቅ ከኅብረቱ፣ ማለትም ከሰሜኑ፣ ጎን የቆመው እሱ ብቻ ነው። ሀብታም ባለመሬቶችን ይጠላ ነበር። ይሄን ሁሉ ጻፊ። ከዚያ ሚሲሲፒ በ1865 መጨረሻ ያወጣችውን ሕግ አምጪ፦ ጥቁር ሰው ከከተማ ውጭ መሬት መከራየት አይችልም፣ በየጃንዋሪው የሥራ ማስረጃ ካላሳየ እንደ ቦዘኔ ይያዛል። ያን ሕግ ያወጣው ምክር ቤት ጆንሰን ደቡቡን መልሶ ለማቋቋም ባወጣው ዕቅድ የተቋቋመ ነው። በ1866 ነፃ የወጡትን የሚረዳው ቢሮ እንዲጠናከር ኮንግረሱ ሲወስን ጆንሰን ቪቶ አደረገ፤ አልፈርምም ብሎ መለሰው። የሲቪል መብቶች ሕግ ሲመጣም ቪቶ አደረገ፤ ያኛውን ኮንግረሱ በኤፕሪል ሻረበት። ክሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ሊንከን ለደቡቦቹ ካሳየው ቸርነት የተለየ ነገር አላደረገም የሚሉሽ ይኖራሉ። ሊንከን ያን መሬት የመመለስ ትእዛዝ አልሰጠም፤ ጆንሰን ሰጠ።

ሁለተኛውን ጽሑፍ ሌሊት ሌሊት፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ጻፍኩት። 38 ገጽ ሆነ። እኚያው መምህር አገላብጠው አይተው «አሁን መለስክ» አሉኝ። ኤ ነው ያገኘሁት፤ ከክፍላችን ሁለት ሰው ብቻ ነበርን።

ማስታወሻዎቼ አሁንም አሉ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ። አማካሪሽ ክሱን አስፋፊው ካሉሽ ሦስት ገጽ ስጪው፣ ከዚያ አይለፍ።