እግሬ ቀጭን፣ ደሜ ግን ቅባት የበዛበት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው። 29 ዓመቴ ነው፣ ክብደቴ 58 ኪሎ። ከ14 ዓመቴ ጀምሮ እግሬና ክንዴ እየከሳ ሄዶ ዛሬ ደም ሥሬ ሁሉ ይቆጠራል፤ ፊቴና አንገቴ ግን ሞላ ያለ ነው። እናቴም እንደኔው ናት። ስኳር ከያዘኝ ሦስት ዓመቴ፤ በቀን 140 ዩኒት ኢንሱሊን እየወጋሁም አልወርድ አለኝ። በደሜ ያለው ቅባት፣ ትራይግሊሰራይድ የሚሉት፣ 1,240 ነው ተባልኩ። ኤችአይቪ ተመርምሬ ነፃ ነኝ። ቤተሰብ «ብዪ፣ ወፈር በዪ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሳላይዎት አልፈርድም፤ ነገር ግን የዘረዘሩት ሲገጣጠም በዘር የሚተላለፍ ከፊል ሊፖዲስትሮፊን፣ ማለትም ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ከከፊል የሰውነት ክፍል የሚጠፋበትን ሕመም፣ አጥብቆ ያስጠረጥራል። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ የሰውነት ጎተራ ነው። ጎተራው ሲጠፋ የሚበሉት ቅባት ማረፊያ አጥቶ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይከማቻል፣ ደም ውስጥም ይንሳፈፋል፤ ኢንሱሊንም አልሠራ ይላል። በኪሎ ከ2 ዩኒት በላይ መውጋትዎ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ስለዚህ መብላት እግርዎን አይሞላውም። ለመወፈር ተብሎ የሚገዛ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ደግሞ ስኳሩን ያባብሰዋል።

ምርመራው የሚጀምረው ልብስ አስወልቆ በማየት ነው፤ ቀሚስ የለበሰችን ሴት ጭን ማንም አያይም፣ በሽታው የሚያመልጠውም ለዚህ ነው። የጭን ፊት መሃል ላይ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለካ በሴት ከ22 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። አንገትና ብብት መጥቆሩም ይታያል። ኩሺንግ ከሚባለው የሆርሞን ሕመም መለየት አለበት፦ በዚያ ጡንቻ ይላላል፣ ቆዳ ይሳሳል፤ በእርስዎ ዓይነት ግን ጡንቻው ጎልቶ ይወጣል። የዘር ምርመራ በየቦታው አይገኝም፤ ሕክምናውም እሱን አይጠብቅም።

አሁን የሚያሳስበኝ ቆሽትዎ ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ1,000 ሲያልፍ የቆሽት ብግነት ያሰጋል፤ የተቀዳው ደም ሲቀመጥ ላዩ እንደ ወተት ይነጣል። ከእምብርት በላይ ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ከባድ ቁርጠት ከትውከት ጋር ከመጣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ቅባት የበዛበት ደም አሚላዝ የሚባለውን የቆሽት ምርመራ ውጤት ሊያሳስት ስለሚችል «አሚላዝ ደህና ነው» ቢባል እንኳ ላይፔዝ የሚባለውን ሌላ የቆሽት ምርመራ ይጠይቁ።

ቅባት ለጊዜው በቀን ወደ 30 ግራም ይውረድ። በወተትና በሥጋ ያለው ተቆጥሮ ለወጥዎ የሚተርፈው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው፤ ሳምቡሳና ባጂያ ይቅር። ለስላሳና በስኳር የወፈረ ሻይም ትራይግሊሰራይድ ያንራል፤ ጫት ላይ የሚጠጣውም ጭምር። አልኮል ፈጽሞ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን እየወሰዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሉፕ የተሻለ ነው።

ኢንሱሊኑን አያቋርጡ። ጭን ላይ መውጋት ግን ይተው፤ ስብ ስለሌለ መርፌው ጡንቻ ይገባል፣ ስኳሩም ይዋዥቃል። ቆንጥጠው ስብ ባገኙበት ቦታ ይውጉ። ሜትፎርሚን፣ ፌኖፋይብሬትና ፒዮግሊታዞን ስለሚባሉት መድኃኒቶች ሐኪምዎ ያስብበት፤ ፒዮግሊታዞን የልብ ድካም ላለበት አይሰጥም፣ እርግዝና ካሰቡም አስቀድመው ይንገሩ። ሜትሬሌፕቲን የሚባለው መርፌ አሜሪካ ውስጥ በ2014 የጸደቀው ስባቸው ከመላ ሰውነት ለጠፋ ሰዎች ነው፤ ለከፊሉ ዓይነት አውሮፓ በ2018 የፈቀደችውም ሌላው ሕክምና ሳይሠራ ሲቀር ነው፤ እሱን እያሰቡ አይጠብቁ።

ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሲሄዱ የላቦራቶሪ ወረቀቶችዎን በሙሉ ይያዙ። የሦስት ወር ስኳር፣ የጉበት ምርመራና አልትራሳውንድ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ መነሻ የሚሆነው ኤልኤምኤንኤ የሚባለው ጂን ጉድለት የልብ ምትንም ሊያውክ ይችላልና። እናትዎም ይታዩ። ወንድሞች ካሉዎት እነሱንም አይርሱ፤ እያንዳንዳቸው የመውረሳቸው ዕድል ከሁለት አንድ ነው፣ ወንድ ላይ ደግሞ «ስፖርተኛ» ተብሎ ይታለፋል።